ስለ ጋብቻ፥ ስለ መንግሥት ሥልጣንና ስለ ሕሊና ነፃነት

ምድራዊ ሥልጣን የሰውን ሕሊና እስከ ምን ድረስ ሊያዝዘው ይችላል? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ነው፤ በዘመናችን ግን በጋብቻ በኩል መጥቷል። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻችን በቦሌ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፥ «የምንኖርበት አገር ሕግ ወንድን ከወንድ፥ ሴትን ከሴት ያጋባል፤ ነገ መንግሥት ካህናችንን ባርክ ብሎ ቢያዝዘውስ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

አስቀድሞ ሁለቱን ድርሻዎች መለየት ይገባል። በቦሌ ክፍለ ከተማ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ፈርመው የሚጋቡ አሉ፤ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን የሚጋቡም አሉ። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም ያውቃል። ዕድሜን መወሰን፥ መመዝገብ፥ የልጆችን መብት መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፥ የቀሩትን ለሥጋዊው ነገር ሲመድብ፥ ጋብቻን በ24ኛው አንቀጽ ከሥጋዊው ክፍል አኑሮታል። ምሥጢረ ተክሊል ግን ከመዝገብ አይወለድም፤ መንግሥት ያልሰጠውን ሊያዝዝበት አይችልም። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2007 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ጋብቻ በመላ አገሪቱ ሕጋዊ ቢያደርግም፥ ካህናት በመቅደሳቸው እንዲፈጽሙት አላስገደደም። ቢያስገድድም መልሳችን የሠለስቱ ደቂቅ መልስ ነው፤ ይኸውም ቅጣቱን መቀበል እንጂ ትእዛዙን መፈጸም አይደለም።

በአገራችን ግን ፈተናው በሌላ በር ይመጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ629ኛው አንቀጽ ድርጊቱን ይቀጣልና ሕጉ ከትምህርታችን ጋር የተስማማ ይመስላል። እንግዲህ በዚህ የተፈተነ ሰው ወደ ነፍስ አባቱ መጥቶ ቢናዘዝ፥ ካህኑ ምን ያድርግ? ለዳኛ ይንገርን? ለዘመድና ለጎረቤትስ ያውራን? አይገባም። ኑዛዜ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነውና ካህኑ ቢያወጣው መቅደሱን በገዛ እጁ ለቄሣር ይከፍታል። መንግሥት ቡራኬን ሊያዝዝ አይችልም የምንል ሁሉ ኑዛዜንም ሊወስድ አይችልም ልንል ይገባናል፤ በሩ አንድ ነው፥ ሲጠቅመን ብቻ የሚዘጋ አይደለም።

ኃይል ልብን እንደማይለውጥ ታሪካችን ያስተምራል። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በአዋጅ ለማስያዝ ተነሥተው፥ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ለመመለስ ተገደዱ። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም፤ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ በንጉሥ ትእዛዝ ከተጠመቁት የወሎ ሙስሊሞች ብዙዎቹ በልባቸው በቀድሞው ሃይማኖታቸው ጸንተዋል።

ይህም ሲባል ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው የሚለው ትምህርታችን አይለወጥም። ነገር ግን ማስተማር ሌላ፥ መደብደብ ሌላ ነው። ልጁን ከቤት ያባረረ አባት ትምህርት አላስተማረም፤ የንስሐን መንገድ ዘጋ እንጂ። ካህንም በምእመናን ፊት የሚታመነው ምሥጢር ሲጠብቅ ነው።

እግዚአብሔር አምላካችን በኃያላን ፊት የማይፈራ፥ በደካሞች ላይ የማይጨክን ሕሊና ያድለን። አሜን።