ጥቅም የሌለው ምስክር

የሸዋ ሠራዊት ከመግባቱ በፊት ካፋ ውስጥ ክርስቲያን ነበር ወይስ አልነበረም? ጥያቄው ለሊቃውንት ጉባኤ የሚመጥን ይመስላል። እኔን ግን የያዘኝ እዚህ ሺሺንዳ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት ስታርፍ ቀብሯ የት ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። ከቤተ ክህነት ወገን የመጡት ሰው የክርስትና ስሟን ጠየቁ፤ የሚያውቅ ጠፋ። የነፍስ አባቷን ጠየቁ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። "ታዲያ ምን ይዘን?" አሉ። ሰባኪ የሆነው ዘመዳችን ደግሞ ከወዲያ ጥግ ሆኖ፣ "እሷ እኮ የጨለማው ዘመን ሰው ናት፤ ወንጌል እዚህ አገር የገባው ትናንት ነው" አለ። በሌላ ነገር ሁሉ ዓይንና ናጫ የሆኑ ሁለት ሰዎች በዚህ ብቻ ተስማሙ። የተስማሙባት ሴት ግን ዕድሜ ልኳን፣ "እኛ ጥንትም ክርስቲያን ነን፤ ያጠመቀን ምኒልክ አይደለም" ስትል ኖራለች።

ጓሯችን ውስጥ፣ ከቡናው ዳር ቀበርናት። ዝናቡ አላባራ ብሎ ጉድጓዱ ውሃ እየቋጠረ፣ ልጆቹ በጣሳ እየቀዱ እያፈሰሱ ነው የቆፈሩት። ፍታት አልተፈታላትም። ይህ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈውም በረጋ መንፈስ የተጻፈ ነው ብዬ ማንንም አላታልልም።

አክስቴ ወረቀት አልነበራትም። ስለዚህ ወረቀት ፍለጋ ወጣሁ። የሸዋ ጦር ከገባበት ከ1897 በፊት ስለነበረው ካፋ የተጻፈውን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ብዙ ሳይሄድ የሚገጥሙት ሚስዮናውያን ናቸው፤ ደብዳቤያቸው፣ የዕለት ማስታወሻቸው፣ ሲያረጁ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው። ዓመቶቹን እነሱ በጻፉበት በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የጣልያንኛውን ያነበበልኝ ወዳጄ ነው።

የሚስዮናዊ ደብዳቤ ገንዘብ ማሰባሰቢያም እንደነበረ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። የካቶሊኮቹ ሊዮን ከተማ በሚታተም መጽሔት ይወጣል፤ የፕሮቴስታንቶቹ ለንደን። አንባቢው ያለቅሳል፣ ይደነግጣል፣ ከዚያ ኪሱን ይዳብሳል። ጆን ዊልያምስ የተባለው እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ በሰላማዊ ውቅያኖስ ኤሮማንጋ ደሴት ላይ የተገደለው በ1839 ነው፤ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ሸዋ የገባውም በዚያው ዓመት። በሁለቱ አገሮች መካከል ስንት ባሕር አለ! የደብዳቤው አጻጻፍ ግን አንድ ነው፦ ጨለማው ድቅድቅ ነው፣ መከሩ ብዙ ነው፣ እርዳታ ላኩ። የእኛ ሰባኪ "ጨለማ" የሚለውን ከየት እንደወረሰው ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ግን የራሱ ግኝት ይመስለዋል።

እንዲህ ከሆነ እነዚህን ወረቀቶች ለምን አልጥላቸውም? ልጥላቸው ቃጥቶኝ ነበር፤ በተለይ የድልቦን ነገር ሳነብ። ድልቦ የካፋ ጎረቤት የሆነው የእናርያ ተወላጅ ነው። በባርነት ተሸጦ ሸዋ ደረሰ፤ በ1840 ግድም ክራፍ አገኘውና ስለ ደቡቡ አገር ጠየቀው። ስለ ካፋ የነገረውን ክራፍ ጻፈ። አልፎም ከካፋ ወዲያ በቀርከሃ ጫካ የሚኖሩ፣ ቁመታቸው ከአራት ጫማ የማይበልጥ፣ ጉንዳንና እባብ የሚበሉ ዶኮ የሚባሉ ሰዎች አሉ ብሎ ጻፈ። ወሬው አውሮፓን ዞረ። ይህን ያመነ ሰው ምኑ ይታመናል? እያልኩ መጽሐፉን ዘጋሁት። መልሼ የከፈትኩት ድልቦን አስቤ ነው። የተሸጠ ሰው፣ አገሩን ዳግመኛ የማያይ፣ ስለ አገሩ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ያወራል፤ ቢያጋንንስ? ከካፋ ጎረቤት በዚያ ዘመን ተግዞ ከወጣ ሰው አፍ የተቀዳ ቃል ሌላ የት አገኛለሁ? በክራፍ ብዕር ነው የሚናገረው፤ ክራፍን ስጥል እሱንም አብሬ ልጥለው ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ። ጉሊየልሞ ማሳያ፣ አባ ማስያስ የምንለው፣ ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኩሴ፣ በ1846 ለኦሮሞ አገር ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶበት ነጋዴ መስሎ በሐሰት ስም ተጓዘ፤ ኦሮሞ አገር የደረሰው በ1852 ነው። ካፋ የገባው በ1859፣ የተባረረው በ1861። ካፋ ውስጥ ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎችን እንዳገኘ ይናገራል። ከእምነታቸው የቀረላቸው እዚህ ግባ የማይባል ነው ብሎ ያዝንባቸዋል፣ ይቆጣቸዋልም። አሉ ይላል ግን። ከምኒልክ ጦር ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀድሞ።

ይህን ሳነብ ብድግ አልኩ። አክስቴ እውነቷን ነው! ደስታዬ ግን አላደረም። ሌሊት አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ እስካሁንም አልተወኝም። ማሳያ ክርስቲያን ማግኘት ይፈልግ ነበር።

ነገሩን ላፍታታው። አንድ ሰው ባልተጠራበት አገር በሐሰት ስም ቢገባ ሰርጎ ገብ ነው። እዚያ የተረሱ ክርስቲያኖች ካሉ ግን እረኛ ነው፤ የጠፉ በጎቹን ፍለጋ ነው የመጣው። እንዲያውም እሱ ከመምጣቱ በፊት ወሬውን ሮም ያደረሰው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ነው፤ ማሳያ የተላከውም በዳባዲ ጉትጎታ ነው። እንግዲህ "ክርስቲያን አገኘሁ" የሚለው ቃል ከጉዞው በፊት የተዘጋጀ መልስ ቢሆንስ?

መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ምሬቱ ነው፤ ለማስደሰት የሚጽፍ ሰው ያገኛቸውን ክርስቲያኖች እንዲያ አያጣጥላቸውም። ግን ሐኪም ቤት የሚከፍት ሰው በሽታውን አሳንሶ አያወራም። መድኃኒቱ በእጄ ነው የሚል ሁሉ በሽተኛው ሊሞት ነው ይላል። ምሬቱም ለጥቅሙ ነው እንጂ በጥቅሙ ላይ አይደለም። መልሴ ፈረሰ።

ሁለተኛ፣ ሌላ ምስክር ፈለግሁ። ዳባዲ ራሱ ካፋ ደርሻለሁ ይላል፤ ግን ጉዳዩን የጀመረው እሱ ስለሆነ እንደ ሁለተኛ ምስክር አይቆጠርም። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊማ በ1850 ዳባዲ ካፋን ጭራሽ አላየም ብሎ መጽሐፍ አሳትሞበታል፤ ፈረንጆቹም እርስ በርስ አይተማመኑም ነበር። ክራፍ ፕሮቴስታንት ነው፤ ካቶሊኮችን ለመጥቀም አይዋሽም። እሱም በጉራጌና ከዚያ ወዲያ ስለተረሱ ክርስቲያኖች ሰምቶ ጽፏል። ግን እሱም መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ወደ ኋላ ልሂድ፦ ኢየሱሳዊው አንቶንዮ ፈርናንዴዝ በ1613 ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውጫ ሲፈልግ እናርያን አቋርጦ የክርስቲያን አገር መሆኑን አይቷል። ከእሱም በፊት፣ በ1588፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የእናርያውን ገዥ በዳንቾን አስጠመቁ፤ ዜና መዋዕላቸው ይመሰክራል። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ግን የንጉሡን እንጀራ የሚበላ ጸሐፊ ነው። እናርያም ጎረቤት ነው እንጂ ካፋ አይደለም።

እንዲህ ስል ስል አንድ በአንድ ሁሉንም ጣልኳቸው። ጥቅም የሌለው ምስክር አጣሁ። በዚህ ላይ ማሳያ ታሪኩን የጻፈው ከኢትዮጵያ ተባርሮ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ1880 ጀምሮ በሊቀ ጳጳሱ ትእዛዝ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ጥራዞች የታተሙት ከ1885 እስከ 1895 ነው። ካፋን ከለቀቀ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል። ሽማግሌ በትዝታ ያወራውን አክስቴም ታወራ ነበር፤ የእሱ ቆዳ ስለለበሰ ምን ይበልጣል?

ከዚያ የባሰው መጣ። አክስቴስ? ከ1897 በኋላ፣ የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ከተወሰደ በኋላ፣ ካፋ ውስጥ "ጥንትም ክርስቲያን ነን" ማለት ያለ ጥቅም አልነበረም። ያልተጠመቀ የሚናቅበት፣ ሰው ከቀዬው እየተነዳ የሚሸጥበት ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ቃል ለቤተሰብ ጋሻ ነው። አያቶቿ ፈጥረውት ቢሆንስ? ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ማሳያን በጥቅሙ ከመረመርኩ እሷን ስለምወዳት ብቻ ማለፍ አልችልም።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተማረንን ሰው ላንሣ፤ ሳላነሣው ብተወው ያንቀኛል። ስለ ካፋ የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ የአረማውያን መንግሥት ነበር፣ ተጠቃለለ። እጄን አውጥቼ አክስቴ የምትለውን ስናገር ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀና፣ "የአሮጊት ተረት ማስረጃ አይሆንም፤ የተጻፈ አምጣ" አለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቦንጋ ላይ አግኝቼው፣ "ቲቸር፣ የተጻፈ አምጥቻለሁ" ብዬ ስለ ማሳያ ነገርኩት። "ቄስ ተብዬ ሰላይ የጻፈውን?" አለኝ። የተጻፈ አምጣ ያለኝ ሰው የተጻፈ ሳመጣለት ጸሐፊውን ጠላው።

ይኸው ሰው ግን ስለ ዘርአ ያዕቆብ ሲያስተምር ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር። አክሱማዊው ፈላስፋ፣ በዋሻ ውስጥ ሁሉን የመረመረ፣ ፈረንጅን የቀደመ! ሐተታውን ለዓለም ያደረሰው ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ከማሳያ ጋር በ1846 የመጣ ካፑቺን። አንዱ ኋላ ካፋ ሲገባ ሌላው በጌምድር ተቀመጠ፤ መጽሐፉን ማግኘቱን ለዚያው ለዳባዲ በደብዳቤ ጻፈለት፤ ብራናውም ዛሬ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጣልያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ተነሥቶ፣ ደራሲው ዘርአ ያዕቆብ ሳይሆን ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ክሎድ ሰምነር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟገተ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔ በዚህ አልፈርድም። ቲቸሬን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ካፑቺኑ ፈላስፋ ሲያመጣልህ ታማኝ፣ ጓደኛው የአክስቴን ዘመዶች ሲያመጣልኝ ሰላይ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ሕጉ ምን እንደሆነ ከዳግማዊ ቴዎድሮስ ቤት አገኘሁት። ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ ጻፈ። ንጉሡ በ1863 አሰሩት፤ መጽሐፉን አስተረጎሙ፣ አስነበቡ፣ ወነጀሉበት። ስለ እኛ የተጻፈው ሲያስከብረን ማስረጃ፣ ሲያዋርደን ወንጀል። ይህ ሕግ ለንጉሥ ይመች ይሆናል፤ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ቴዎድሮስን ስወቅስ ግን እኔም የዶኮን ወሬ ጥዬ የክርስቲያኖቹን ወሬ ማንሣቴ ያው እንዳይሆን እፈራለሁ።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? ጥቅም የሌለው ምስክር ከሌለ፣ ጥቅማቸው የሚጋጭ ምስክሮችን ልይ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የእስክንድርያ ልጅ ነው፤ ፈርናንዴዝ የሮም፤ ክራፍ የሉተር፤ ማሳያ እንደገና የሮም። አንዱ ሌላውን ከአገሩ ሲያስባርር የኖረ ነው። ለማሳያ የሚመቸው ያገኛቸው ሰዎች ከእሱ በፊት የማንም ባይሆኑ ነበር፤ ያሉት ርዝራዦች ግን የጥንቱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ይህ ለእሱ አይጥመውም፤ ቢሆንም ጻፈው። እርግጥ አንዱ የሌላውን አንብቦ ሊሆን ይችላል፤ የሰሙት ወሬም አንድ ምንጭ ሊኖረው ይችላል። ይህን ማጥፋት አልቻልኩም። ቢሆንም ከሦስት ጠላት ወገኖች አንድ ቃል ሲወጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሞኝነት ነው።

ኤሮማንጋ ላይ በ2009 የዊልያምስ ዘሮችና የደሴቱ ሰዎች ተገናኝተው ታርቀዋል። እኛ ካፋዎች ማንን ከማን እንደምናስታርቅ አላውቅም። ማሳያ ቦንጋ ላይ ሐውልት ይገባዋል አልልም፤ የበላይነት ትምክህቱ ከየገጹ ይሸተኛል። የአክስቴ ልማድም ንጹሕ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነበር አልልም። መስቀልን አጥብቃ ታከብራለች፤ ከጫካው ዳር ለሚጣለው ድርሻም እጇ አይሰስትም። አምላክን ዬሪ ብላ ትጠራዋለች፤ ደጃፏን ሳታማትብ አትሻገርም። ማሳያ ቢያያት "የቀረላቸው እዚህ ግባ የማይባል" ከሚላቸው ትቆጠር ነበር። እኔ ደግሞ ያን የቀረውን ነው የምፈልገው።

የምይዘው እንግዲህ ይህን ያህል ነው፦ በ1859 ካፋ ውስጥ ራሳቸውን ክርስቲያን የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን አምናለሁ። አክስቴ ከእነሱ ዘር መሆኗን ግን የትኛውም ደብዳቤ አይነግረኝም። ከዚያ ድረስ የሚያሻግረኝ የእሷ ቃል ብቻ ነው፤ እኔም ተሻግሬበታለሁ። ድልድዩ ቀጭን መሆኑን ሰባኪው ዘመዴ ሊነግረኝ አይገባም፤ አይቼዋለሁ። የክርስትና ስም የጠየቁንን ሰውም አንድ ቀን ሄጄ የራሳቸው አያት አያት በማን እንደተጠመቁ እጠይቃቸዋለሁ። ወረቀት ካላቸው አነባለሁ፤ ከሌላቸው በአክስቴ አጠገብ ይሰለፉ። የሚቃወመኝ ይቃወመኝ፤ ግን ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ጥቅሙን ይንገረኝ፣ የኔን ነግሬዋለሁ።