ወፍጮ በግብሩ

በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር ከተማ፣ በኢትቸን ወንዝ ላይ የቆመው የውሃ ወፍጮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1086 ዓ.ም. በተጻፈው የመንግሥት መዝገብ ለዌርዌል ገዳም መነኮሳይያት በየዓመቱ 48 ሽልንግ እንደሚገብር የተመዘገበ፣ በ1743 ዓ.ም. ገደማ እንደ አዲስ የተሠራ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻም መፍጨቱን ትቶ ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣት መንገደኞች ማደሪያ የሆነ ሲሆን፣ ከረጅም ጥገና በኋላ በ2004 ዓ.ም. መንኰራኵሩ ዞሮ እንደ ገና ዱቄት አወጣ።

ግንቡ ሳይፈርስ፣ ስሙም ሳይለወጥ፣ መንገደኛ ብቻ ሲያድርበት በኖረው ዘመን ያ ቤት በእውነት ወፍጮ ነበርን? የበሰበሰው እንጨት በአዲስ ከተተካ በኋላስ ዛሬ የሚፈጨው ያው የመነኮሳይያቱ ወፍጮ ነው ወይስ ሌላ? ፈላስፋው አርስጣጣሊስ የሞተ ሰው እጅ ግብሩን መፈጸም ስለማይችል እጅ የሚባለው በስም ብቻ ነው ብሎ አስተምሯል፤ እኔም ሥራውን የተወ ወፍጮ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም እላለሁ።

የአዲሱ እንጨት ነገር የሚያስጨንቃቸው ደጋግ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ወፍጮ ከተተከለበት ዕለት ጀምሮ ሲለወጥ የሚኖር ነው። የመንኰራኵሩን እንጨት ውሃው ይበላዋል፤ ድንጋዩም በእህሉ እየለሰለሰ ስለሚሄድ በየጊዜው ካልተወቀረ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አያደቀውም። የቀደሙት ባለ ወፍጮዎች የወቀሩትና የለወጡት ወፍጮው ወፍጮ ሆኖ እንዲቀጥል ነበርና፣ የዛሬው ጠጋኝ የእነርሱን ሥራ ወረሰ እንጂ አላፈረሰም።

ይህ ግብር ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ቅዱሳት መጻሕፍት ይመሰክራሉ፤ ኦሪት ዘዳግም (24፥6) ወፍጮን ወይም መጁን በመያዣ መውሰድን ነፍስን እንደ መያዝ ቈጥራ ትከለክላለች፤ ራእየ ዮሐንስም (18፥22) ከባቢሎን ጥፋት ምልክቶች አንዱ አድርጎ የወፍጮን ድምፅ መጥፋት ያነሣል። በዘመነ ሮማውያን የተሰሎንቄው ባለ ቅኔ አንጢጳጥሮስ የውሃውን ወፍጮ ያመሰገነው ፈጪ ሴቶችን ከሌሊት ድካም ስላሳረፈ ነው፤ እናቶቻችን ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው በመጅ ሲፈጩ ለሰማን ለእኛ የዚህ ምስጋና ምክንያት አይሰወረንም። እንግዲህ የወፍጮ ግብር ድካምን ማቅለልና ሰውን መመገብ ከሆነ፣ ከግብሩ ተለይቶ ለዓይን ብቻ የሚጠበቅ ወፍጮ ክብሩ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ጥንታዊ ወፍጮ በአደራ የተሰጣችሁ ሁሉ፣ አሮጌውን እንጨት እናድናለን ብላችሁ ውሃውን አትከልክሉት፤ ያረጀውን አውጥታችሁ ለታሪክ አኑሩ፤ ለወፍጮው ግን እህል ስጡት።