የሻምበሉ ሁለት እጆች

ማይልስ ስታንዲሽ የተቀበረው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ደክስበሪ በተባለች መንደር ጥንታዊ መካነ መቃብር ነው። የመንደሯ የመጀመሪያ ቤተ ጸሎት የቆመውም እዚያው ነበር። መቃብሩ በድንጋይ አጥር ተከቧል፤ መድፎችም ቆመውለታል። መድፍ ግን የዚህን ሰው ሥራ እኩሌታውን ብቻ ይናገራል።

ስታንዲሽ በሆላንድ ምድር የተዋጋ እንግሊዛዊ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ከተሳፈሩት 102 መንገደኞች አንዱ ሆኖ በዛሬዋ ማሳቹሴትስ ፕሊመዝ ደርሶ የሰፈራው የጦር አለቃ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ የበረዶ ወራት ከሰፋሪዎቹ ግማሽ ያህሉን ፈጁ፤ ሚስቱ ሮዝም ሞተች። በሽታው በበረታ ጊዜ በእግራቸው የሚቆሙት ስድስት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በኋላ የሰፈራው ገዥ የሆነው ዊሊያም ብራድፎርድ እንደጻፈው፣ እነዚህ ጥቂቶች እንጨት ለቀሙ፣ እሳት አነደዱ፣ ምግብ አበሰሉ፣ የሕሙማኑን መኝታ አነጠፉ፣ ለማየት የሚያስጸይፈውን ልብሳቸውን አጠቡ። ከእነዚህ አንዱ ሻምበሉ ነበር፤ ብራድፎርድ ራሱም ታሞ በእርሱ እጅ ተረድቷል። ጌታ በጸሎተ ሐሙስ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ያሳየው ትሕትና እንዲህ ያለ ነው። አስታማሚ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራውን ሥራ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ከድል አያንስም።

በ1623 ያው እጅ ሌላ ሥራ ሠራ። የአገሩ ተወላጅ የሆነው የማሳቹሴት ሕዝብ ተዋጊዎች ሊያጠቁ ዶልተዋል ተብሎ ስለተወራ፣ ስታንዲሽ ዌሳጉሴት ወደተባለው ሌላ የእንግሊዛውያን ሰፈራ ሄዶ ከተዋጊዎቹ ፔክሱዎትንና ዊቱዋማትን ከአንድ ቤት ውስጥ ካገኛቸው በኋላ በሩን አዘግቶ አስገደላቸው። ፔክሱዎትን ስታንዲሽ ራሱ በሟቹ ቢላዋ ገደለው። የዊቱዋማት ራስ ፕሊመዝ ተወስዶ ምሽጉ ላይ ተሰቀለ፤ ሰፋሪዎቹ ደግሞ ጸሎት የሚያደርሱት በዚያው ምሽግ ውስጥ ነበር። ፍርሃት ምእመናንን እንኳ እስከዚህ ያደርሳል።

የግድያውን ወሬ የሰማው የሰፋሪዎቹ መጋቢ ጆን ሮቢንሰን በሆላንድ ላይደን ከተማ ሆኖ ለብራድፎርድ ደብዳቤ ጻፈ። ከመግደላችሁ በፊት ጥቂቶቹን ወደ እምነት ብትመልሱ ምንኛ በጎ ነበር ሲል አዘነ። ሻምበሉን እንደሚወደው፣ እግዚአብሔር ለበጎ እንደሰጣቸውም እንደሚያምን ገለጸ፤ ሆኖም በአምላክ አምሳል ለተፈጠረ ሰው ነፍስ ያለው ርኅራኄ እንዳያንስ ሠጋ። ዛሬም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ኒሻን ደርድሮ የተነሣ አባት ፎቶ ይሰቀላል። የዚያ አባት ልጆች እንደ ሮቢንሰን ሊናገሩ ይገባል፤ ማክበር ማለት የፈሰሰውን ደም ከታሪኩ መሰረዝ አይደለም።

ሮቢንሰን ባሕሩን ሳይሻገር በ1625 አረፈ። ስታንዲሽ በ1656 ሲሞት፣ በሴት ልጁ በሎራና በልጁ ሚስት በሜሪ አጠገብ እንዲቀበር ተናዞ ነበር። በዚያው ኑዛዜ ለሮቢንሰን የልጅ ልጅ ሦስት ፓውንድ ተወላት፤ የሚወዳት ስለ አያቷ ሲል መሆኑንም አስጽፏል።