የአሸዋው ቅንጣትና የእጅ ታማኝነት

የፈረስ ገበያው ቀርቶ ስሙ ብቻ በተረፈበት በፈረስ መጋላ አደባባይ፣ አንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ አስቁሞ «አባ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ቅሪተ አካል ከሚያጸዱት ጋር ብቀጠር እምነቴን መካዴ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። የዚህ መልስ አጭር ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ከመላ ምት በላይ መሆኑን ገልጸዋል፤ መንፈስ ከቁስ አካል የሚገኝ ነው ማለትን ግን አልተቀበሉም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዲኪካ የተገኘችው ሰላም በአሸዋ ድንጋይ ታሽጋ ስለ ነበር፣ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አጽሟን ቅንጣት በቅንጣት ፍቀው ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የዚህች የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን እግር ቀጥ ብላ መሄዷን ሲመሰክር፣ የትከሻዋ አጥንት ግን የጎሪላን ይመስላል። እንግዲህ ፋቂው ቢቸኩል፣ ወይም አለቃው የሚጠብቀውን ቅርጽ እያሰበ መሣሪያውን ጥቂት ቢያጠልቅስ? የተፋቀ ጠርዝ አይመለስም፤ ከእርሱ በቀር ያየም የለም። ስሙ ከጽሑፉ ላይ ላይወጣ ይችላል፤ የሊቃውንቱ ክርክር ግን በእጁ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ መልሼ ጠየቅሁት፦ «ማንም ሳያይህ የሰበርኸውን አጥንት ‹እኔ ሰበርሁት› ብለህ በመዝገብ ትጽፋለህን?»

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባ፣ ይህን አላሰብሁትም ነበር» አለኝ።