ከጓሮው ዳስ የተቀመጡት



ሰሞኑን እህቱን ለመዳር ሽር ጉድ የሚል አንድ ወዳጄ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ወረቀቱ እዚህ አዲስ አበባ በተከራዩት አዳራሽ እንግዶች የሚቀመጡበት የጠረጴዛ ድልድል ነው። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ትይዩ «የሙሽራው ቤተሰብ»፣ «የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች»፣ «የመስጊድ ጀመዓ» እየተባለ ተጽፏል። በመጨረሻው ጠረጴዛ ትይዩ ግን «ሌሎች» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ሰፍራለች።

«እነዚህስ እነማን ናቸው?» አልኩት።

ሳቅ ብሎ፣ «እነዚህ እንኳ ባይመጡ ደስ ባለን ነበር። ግን አንጠራም ብንል ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ከድምፅ ማጉያው ኋላ አንድ ላይ ሰብሰብ አደረግናቸው» አለኝ።

አብሬው መሳቅ አልቻልኩም። እንዲህ ያለውን ጠረጴዛ እኔም በገዛ እጄ አሰናድቼ አውቃለሁና። ነገሩ የሆነው በጥር 2011 ዓ.ም. ፍላቂት ውስጥ ነው።

ፍላቂትን ለማያውቃት አንባቢ፣ ከወልድያ ተነስቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰሜን ወሎ የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ናትና የጥር ብርዷ አጥንት ይሰብራል። የእናቴ ወገኖች እዚያ ስላሉ የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ከአዲስ አበባ ሄድኩ። ከከተማ የመጣ የተማረ ልጅ ሰው ማስተናገድ ያውቅበታል ተባለና እንግዳ እየተቀበልኩ እንዳስቀምጥ ኃላፊነት ተሰጠኝ።

በመቄትም ሆነ በሌላው የወሎ ምድር የቆየ ወግ አለ። ክርስቲያኑ ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ከጠራ በኋላ «የተገኘውን ይብላ» አይልም። በግ ወይም ወይፈን ከነነፍሱ ለሙስሊሞቹ ያስረክባል። አራጁ ሙስሊም፣ ወጥ ሠሪዋ ሙስሊም፣ ድስቱና ሣህኑም የሙስሊም ይሆናል፤ ጠላ ለማይጠጣው ብርዝ ወይም ለስላሳ ይቀርብለታል። ሙስሊሙም ሲድር ለክርስቲያን ጎረቤቱ ይህንኑ ያደርጋል። የአክስቴ ባለቤትም ወጉን ጠብቀው አንድ ወይፈን ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ሰጥተው ነበር። እነሱም በራሳቸው ሥርዓት አርደው፣ ከአጥሩ ወዲያ ባለው ግቢ ለብቻቸው በተጣለው ዳስ ደስ ብሏቸው ዋሉ። ሙሽራው ራሱ ሁለት ጊዜ እየሄደ ጎበኛቸው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ዳሶች ሌላ ግን ሦስተኛ ቦታ ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ጭሱ በሚወጣበት በኩል፣ ሸራ የተወጠረበትና ሁለት አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ሥፍራ ነው። ጠዋት ላይ ከባለድግሶቹ አንዱ ጠርቶኝ፣ «እንዲህ እንዲህ ያሉት ከመጡ ወደዚያ አድርጋቸው» ብሎ ስማቸውን ቆጠረልኝ። እኔም «ለምን?» ሳልል ተቀበልኩ።

ሰባት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በድንበር የተነሳ ከባለሠርጉ ቤት ጋር ለዓመታት የተካሰሰ ጎረቤት ነው። ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከተባረሩት ወገኖቻችን አንዱ፣ ለጉዞው የተበደረውን የዘመድ ገንዘብ ሳይመልስ የቀረ ወጣት ነው። አንዱ ንግግር የሚያበዛ፣ አንዱ አእምሮው የደከመ የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱ ማንም ሳይጠራቸው የድግሱን ወሬ ሰምተው የመጡ ሚስኪኖች ናቸው። ሰባተኛው አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ።

እኚህን ሽማግሌ በክንዳቸው ደግፌ፣ «አባቴ፣ በዚህ ይለፉ» እያልኩ ወደ ጓሮው ወሰድኳቸው። ተቀመጡና ግራ ቀኛቸውን አዩ። ካሰሰ የተባለውን ሰው፣ ባለዕዳውን፣ የኔ ቢጤዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኛን እዚህ አንድ ላይ ያደረገን ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቦታ ጠቦን ነው አባቴ» አልኩ። ውሸቴን ነበር። በትልቁ ዳስ ውስጥ ሃያ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ እንዳለ አውቅ ነበር።

ውድ አንባቢያን! ከዚያ ቀን ወዲህ የሽማግሌው ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። በእርግጥ ሰባቱን አንድ ያደረጋቸው ምን ነበር? ዕድሜያቸው፣ ሥራቸው፣ ዝምድናቸው አይገናኝም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ባይመጡ ይመርጥ ነበር። ይህንን ማንም በቃል አልነገራቸውም፤ እያንዳንዱ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ባየ ጊዜ ግን የራሱን ደረጃ አነበበ። ከዚህ የባሰም ተከተለ። ካሰሰ የተባለው ሰው ከሸማኔው ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ። ባለዕዳው ወጣት ከለማኞቹ ጋር መታየት አሳፍሮት ሳይበላ ወጣ። ንቀቱ የመጣው ከባለድግሱ ሆኖ ሳለ ቂሙን የተያያዙት እነሱው እርስ በርሳቸው ነበር። ሰውን በዚህ መንገድ ያስቀመጠ ባለቤት አንዱን እንግዳ ለሌላው መሰደቢያ ያደርገዋል።

የሸማኔው ነገር ደግሞ የተለየ ትዝብት አለው። በብዙው የሰሜን ደጋ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ሙስሊሙ ርስት ስለማያገኝ ኑሮው በአመዛኙ ንግድና ሽመና ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በሸማኔነቱ ሲናቅ የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ያን ዕለት ግን እኛው ራሳችን፣ በእኛው ድግስ፣ ሸማኔውን ከማድ ቤት ጀርባ አስቀመጥነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እኮ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ያ ክብር ከሆነ ይህ ስለ ምን ውርደት ይሆናል? መልሱን ለማግኘት «መለየቱ ለማን ተብሎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ክርስቲያኑን የለየነው ለእሱው ስንል ነው፤ እምነቱ ተጠብቆለት፣ ሳይሳቀቅ እንዲበላ ነው። እሱም የተለየበትን ምክንያት ያውቀዋል፤ ይወደዋልም፤ ብንጠየቅ ፊት ለፊት እንነግረዋለን። ሰባቱን የለየናቸው ግን ለራሳችን ዓይን ስንል ነው። ለዚህም ነው ሽማግሌው ሲጠይቁኝ የዋሸሁት። ለእንግዳው ፊት ለፊት ሊነገረው የማይችል ምክንያት ካለን፣ ያ ምክንያት መጥፎ መሆኑን ልባችን አስቀድሞ ያውቀዋል።

«ታዲያ ባለድግስ ያልወደደውን ሁሉ የመቀበል ግዴታ አለበት ወይ?» የሚል ይኖራል። የለበትም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ አቡ ሹዐይብ የተባሉ አንሷሪ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከአራት ሰዎች ጋር ለምግብ ጠርተው ነበር። በመንገድ ላይ ስድስተኛ ሰው ተከተላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከበር ሲደርሱ ይህ ሰው ሳይጠራ እንደተከተላቸው ለባለቤቱ ነገሩት፤ ቢፈልግ ሊፈቅድለት፣ ቢፈልግ ደግሞ ሰውየው ሊመለስ እንደሚችል ምርጫውን ሰጡት። አቡ ሹዐይብም ፈቀዱ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በሩ የባለቤቱ ነው። ያልጠራውን ሰው በጨዋ ቃል ቢመልስ፣ የአላህ መልእክተኛ ራሳቸው ያወቁለት መብት ነው። ሁለተኛው፣ ምርጫው የቀረበው በበሩ ላይ ሲሆን የቀረቡትም ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ይግባ ወይም ይመለስ። ይግባና ከጓዳ ኋላ ይቀመጥ የሚል ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ከበሩ ያለፈ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳም ሐቅ አለው።

እንግዳም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ በወሊማው የተጠሩት ሰዎች ከበሉ በኋላ ወሬ ይዘው ተቀመጡ። ነቢዩ ተነስተው ወጥተው ቢመለሱም እነሱ እዚያው ነበሩ። ማፈራቸው ሂዱ ከማለት ከለከላቸው። የሱረቱል አሕዛብ 53ኛው አንቀጽ የወረደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሳይጠሩ እንዳይገቡ፣ ከበሉም በኋላ እንዲበተኑ ምእመናንን አስተማረ። ስለዚህ «ሳይጠሩት አቤት» የሚለው የአበው ተረት ትክክለኛ ወቀሳ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው አደብ ማጉደሉ ባለቤቱን ከራሱ አደብ ነፃ አያወጣውም።

የመቀመጫና የመስተንግዶ ተራን በተመለከተም ምሳሌ አለን። አነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወተት ቀረበላቸው። በግራቸው አቡበክር፣ በቀኛቸው ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የገጠር ሰው ተቀምጠው ነበር። ከጠጡ በኋላ ያቀበሉት በቀኛቸው ላለው የገጠር ሰው ነው። አቡበክርን የመሰለ ሰው እያለ ተራው የዚያ ገጠሬ ሆነ፤ ለምን ቢሉ የተቀመጠው በቀኝ ነበርና። ወሊማን በሚመለከትም ሀብታም የተጠራበት፣ ድሃ የተተወበት የሠርግ ምግብ ከምግብ ሁሉ የከፋ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። በ676 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አን-ነወዊም ጥሪን አለማክበር የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝሩ፣ ግብዣው ለሀብታሞች ብቻ መሆኑን አንዱ አድርገው ቆጥረዋል። እንግዲህ ድሃን ጨርሶ አለመጥራት ይህን ያህል ከተወገዘ፣ ጠርቶ ወይም አስገብቶ በጭስ ውስጥ ማስቀመጥ ከዚያ ይሻላል የሚል ማን ነው?

ጠብ የሚፈራበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ሞኝነት ነው። ይሁንና የተጣሉትን ማራራቅ ሌላ፣ የተጠሉትን ማከማቸት ሌላ ነው። ካሰሰ የተባለው ሰው በትልቁ ዳስ ሌላኛው ጫፍ ከእኩዮቹ ጋር ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? ምናልባትም የድንበሩ ነገር በዚያው በእንጀራው ላይ ሊበርድ ይችል ነበር። እኛ ግን ዳግመኛ የሚከስበትን ምክንያት አጉርሰን ሸኘነው።

ስለዚህ ለወዳጄ ያልኩት ይህንን ነው። «አትጥራቸው፤ ወሬውን ቻለው። ካልሆነም ጥራቸውና በትናቸው። ጎረቤቱን ከጎረቤት፣ አጎትህን ከአጎቶችህ፣ ያን ልጅ ከእኩዮቹ ጋር አስቀምጥ። ‹ሌሎች› የሚባል ዘመድ የለህም።» እሱም «አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው የት አደርሳለሁ? ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል» አለኝ። ሊላቸው ይችላል። የሱረቱል ሙጃደላ 11ኛ አንቀጽ በመቀማመጫ ቦታ ስጡ ስትባሉ ስጡ ብሎ ያዘዘው እኮ ቦታ መስጠት ቅር እንደሚያሰኝ የሚያውቅ ጌታ ስለሆነ ነው፤ ለሰጠም ሰው አላህ ራሱ ሊያሰፋለት ቃል ገብቷል።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ለዒድ አል-አድሐ ወደ ፍላቂት በተመለስኩ ጊዜ ሽማግሌውን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው በቀር በቀላሉ እንደማይነሳ እናውቃለንና፣ ያን ቀን ቦታ ጠቦ እንዳልነበረ ነገርኳቸው፤ «አውፍ በሉኝ» አልኩ። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣ «አውፍ ብዬሃለሁ፤ አላህም አውፍ ይበልህ» አሉ። ቆየት ብለው ግን፣ «እኔ ብቻዬን አልነበርኩም እኮ። ሌሎቹንስ?» አሉኝ።

ሰባት ነበሩ። ከእሳቸው ጋር እስካሁን ያገኘሁት አራቱን ነው። የሁለቱን ሚስኪኖች ስም እንኳ አልጠየቅኩም ነበርና ማን ብዬ እንደምፈልጋቸው አላውቅም። አእምሮው የደከመው ዘመዳችን ወደ አኼራ ሄዷል፤ የእሱ ሐቅ ከእኔ ጋር እስከዚያው ቀን ይቆያል።

ወዳጄ ወረቀቱን እንደያዘ ተመልሷል። ሠርጉ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። አላህ ይወፍቀው፤ እኛንም ይወፍቀን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።