ለብቻ መሄድ

ሰው በእንግድነት በገባበት አገር ጊዜው ሲያጥርበት፣ የራሱን ሰዓት ከባለአገሩ ሰዓት አብልጦ ውድ አድርጎ መቁጠር ይቀናዋል። ይህ ጠባይ በእኔም ላይ እንዳለ ያወቅሁት ቦንጋ ላይ ነው። ነገር ግን ቦንጋ ከመድረሴ በፊት የሰማሁት አንድ ወሬ ስለ ነበረ ከዚያው ልጀምር።

በባሕር ማዶ የሚኖር አንድ ወዳጄ በመርከብ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄዶ ነበር። እንዲህ ያለው መርከብ ብዙ ሺህ መንገደኛ ጭኖ ከደሴት ወደ ደሴት ሲዞር በየወደቡ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። መንገደኛው በዚያች ሰዓት የመርከቡ ሰዎች ያዘጋጁለትን ሽርሽር ከፍሎ ከብዙ ሰው ጋራ ሊሄድ ይችላል። ወዳጄ ግን ግርግር ስለማይወድ ገና ከቤቱ ሳይነሣ ከደሴቲቱ ባለ ጀልባ ጋራ ለብቻው ተዋዋለ። በደረሰም ጊዜ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ፊቱን ወደ ውኃው ደፍቶ፣ በኮራሉ አለት መካከል የሚመላለሱትን ዓሦች ማንም ሳያውከው ሲያይ ዋለ። ታዲያ በዚያ ጕዞ አንድ ደንብ አለ አለኝ፤ በመርከቡ ሽርሽር የሄደ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በግሉ ተዋውሎ የሄደ ቢዘገይ ግን ጥሎት ይሄዳል። እኔም ይህን ስሰማ ደንቡ ትክክል መሰለኝ። ለብቻው መሆን የፈለገ ሰው የብቻነቱን ዕዳ ራሱ እስከ ተሸከመ ድረስ ማንን በደለ? ብዬ ወዳጄን አመሰገንሁት።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቈይ በግንቦት ወር ለሥራ ወደ ቦንጋ ወረድሁ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎጀብን ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ወደ ደኑ ይገባል። ሥራዬ ሳላስበው በማግሥቱ ከቀትር በፊት አለቀ። የመመለሻ አውቶቡሴ በነጋታው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስለ ነበረ፣ ግማሽ ቀን በእጄ ቀረ። በከተማይቱ ዙሪያ ካሉት ፏፏቴዎች አንዱን ሳላይ ብመለስ የሚቈጨኝ መሰለኝ። የፏፏቴውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቦታው አይደለምና።

በዚያ ያለው ደንብ ይህ ነው። እንግዳ የሚመሩ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ እንግዳ ሲመጣ በተራ ይወጣሉ። ከሚከፈለውም ገንዘብ ከፊሉ ፏፏቴው ላለበት መንደር ይደርሳል፤ መንደርተኛው ደኑን ይጠብቃል፤ መንገዱንም ይጠርጋል። ወደ ማኅበሩ ቢሮ ልሄድ ስነሣ ከሆቴሉ በር ላይ አንድ ወጣት አገኘኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ ከሄዱ ሌሎች እንግዶች እስኪሰበሰቡ ያስጠብቅዎታል። እኔ አሁኑኑ ለብቻዎ ልውሰድዎ፤ ዋጋውም ግማሽ ነው» አለኝ።

«አንተስ የማኅበሩ አባል አይደለህምን?» አልሁት።

«ጠይቄ ነበር፤ ለከርሞ ተመለስ ተባልሁ። አምናም ለከርሞ ብለውኝ ነበር» አለ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤቱ ስላልበቃለት ሁለት ዓመት ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል። እኔም ለዚህ ልጅ እንጀራ መስጠት ጽድቅ እንጂ ኀጢአት አይሆንም ብዬ አብሬው ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያስነሣኝ ጽድቁ ሳይሆን «ለብቻዎ» የሚለው ቃል ነበረ።

የከፋን ደን ያላየ ሰው ደን ሲባል ከዳር ዳር የታጠረ ቦታ ይመስለው ይሆናል። ይህ ግን ሰው የሚኖርበት ደን ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል፤ ጉሬዛው ከላይ ይዘላል፤ ቀፎው ከቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ጥቂት እልፍ ሲሉ ደግሞ እንሰት የከበበው ቤት ይገኛል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ምድር የባዮስፌር ክልል ብሎ ሲመዘግበው ስፋቱ በብዙ መቶ ሺህ ሔክታር የሚቈጠር ነበረ። ይህን የሚያህል አገር በዘበኛ ተጠብቆ አያልቅም፤ የሚጠብቀው ጎረቤት ነው። የቀድሞው የከፋ መንግሥት ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረኩ ድረስ ዳር ድንበሩን በጥልቅ ጕድጓድና በበር ያስጠብቅ ነበር፤ እንግዳም ሳይፈቀድለት አይገባም። እኛ የደረስንበት በር ግን በመንገዱ ላይ አግድም የተጋደመች አንዲት ቀርከሃ ናት። ማንም ሊረግጣትና ሊያልፋት ይችላል።

ከቀርከሃዋ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ተጐንብሶ እጅ ነሣና በካፊኖኖ ተነጋገሩ። እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ ደረሰኝ የተጠየቅን መስሎኝ ወደ ልጁ ተመለከትሁ። እርሱም ዐይኑን ከእኔ አሽሽቶ በአማርኛ፣ «የእናቴ ዘመድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ ነው አልኋቸው» አለኝ።

ሽማግሌው ወዲያው ተነሥተው ቀርከሃዋን አነሡና፣ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። ከኪሴ ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ፤ ከዘመድ አይወሰድም አሉ። ገንዘቡን ለመስጠት መሞከሬ ያን ጊዜ ኅሊናዬን ጥቂት አሳርፎት እንደ ነበረ ትዝ ይለኛል። ነገር ግን «እኔ ዘመድ አይደለሁም» ማለት ሦስት ቃል ነው፤ እርሱን አላወጣሁም።

ቤታቸው አስገቡን። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ፤ ማር በቅጠል ላይ ቀረበልኝ። ከዚያም ሽማግሌው ጭቃው እንዳይጥለኝ የገዛ ምርኵዛቸውን ሰጥተውኝ እስከ ቍልቍለቱ አፋፍ ሸኙን። መንገዱ ላይ የተረበረበውን እንጨት እያሳዩ፣ ይህን መንደሩ በእንግዶች ገንዘብ አሠራው አሉኝ። ስንመለስም «ለመስቀል ና፤ መስቀልን ከእኛ ጋራ ዋል» ብለው አስማሉኝ።

ፏፏቴውን ስለ ማየቴ ደስ አላለኝም ብል ሐሰት ነው። ውኃው ከገደሉ ወርዶ ጉም ሆኖ ሲመለስ፣ ከእኔና ከልጁ በቀር ማንም ሳይኖር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ክፉ ሥራ ሁሉ ወዲያው ይመርራል የሚሉ መካሮች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነበር።

ማታ ግን በሆቴሉ አልጋ ላይ ሆኜ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። መጀመሪያ ለራሴ ጠበቃ ቆምሁ። ልጁ ወደደ፣ እኔም ወደድሁ፤ በሁለት ፈቃደኞች መካከል የተደረገ ውል ምን ነውር አለው? ማኅበሩም ቢሆን ድኻውን ልጅ ለከርሞ፣ ለከርሞ እያለ ደጅ ማስጠናቱ ፍርድ ነውን? ይህ ክርክር ዛሬም ቢሆን ከንቱ አይመስለኝም። ተራ የሚባለው ነገር አስቀድሞ ለገባው ፍትሕ ነው፤ በሩ ለተዘጋበት ግን አጥር ነው። በዚያ ቀን ተራው የደረሰውም ሰው አለ፤ ምናልባት እርሱም ልጆች አሉት። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ብዬ ልመዝን ብሞክር ሚዛኑ በእጄ ላይ ተወዛወዘ።

የማይወዛወዘው የሽማግሌው ነገር ነው። ልጁ መንገድ መምራቱን ሊሸጥልኝ ይችላል፤ እግሩና ጊዜው የራሱ ናቸው። የሽማግሌውን ዘመድነት ግን ሊሸጥልኝ አይችልም፤ የእርሱ አይደለምና። እኔም በግማሽ ዋጋ የገዛሁት እርሱን ነው። ቡናውን፣ ማሩን፣ ምርኵዙን፣ በትከሻዬ ላይ ያረፈውን ከንፈር ሁሉ በዝምታዬ ተቀበልሁ። ልጁ የዋሸው በችግር ነው፤ እኔ ግን ምን ቸገረኝ? የካሪቢያኑ ወዳጄ ብቻውን ለመሄዱ ዕዳ የሚከፍለው ራሱ ነው፤ መርከቡ ይሄድበታል። የእኔን ብቻነት ግን የከፈለልኝ በቀርከሃዋ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው፤ መክፈሉንም አያውቅም።

ገና አልመሸም ነበርና የማኅበሩ ቢሮ ሳይዘጋ ሄድሁ። አንዲት ወጣት ደረሰኝ ይዛ ተቀምጣለች። ዛሬ ፏፏቴውን አይቻለሁ፤ ሳልከፍል ስለ ገባሁ ሙሉ ዋጋውን ልከፍል ነው አልኋት። ደስ ብሏት መጻፍ ጀመረችና፣ «የመራዎት ማን ነበር?» ብላ ቀና አለች።

ይህን ጥያቄ አላሰብሁትም ነበር። የልጁን ስም ብሰጥ ለከርሞ የተባለው በር ለዘላለም ይዘጋበታል፤ የእኔ ንስሐ በእርሱ ጀርባ ይጫናል። ብደብቅ ደግሞ ጧት በዝምታ የጀመርሁትን ማታ በቃል መድገሜ ነው። ልጅቱ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«ብቻዬን ነው የሄድሁት» አልኋት።

ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አየች። መንገዱን በምን እንዳወቅሁት ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ፤ አልጠየቀችኝም። በባዶው ቦታ ላይ «ለብቻው» ብላ ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ።

ደረሰኙ እስከ ዛሬ በመጽሐፌ መካከል አለ። ከዚያ ወዲህ መስቀል ሁለት ጊዜ አልፏል፤ ሽማግሌው በጠሩኝ ስም ልሂድ ወይስ በራሴ ስም፣ ገና አልቈረጥሁም።