የማን ጥድ ነው?

የምግብ ጠረጴዛ ላሠራ ብዬ አናጢ ዘንድ ብሄድ፣ «ጥድ ካገኘህ አትለፈው፤ ምስጥ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይጣመምብሃል» አለኝ። ጥዱስ ነበረን፤ መንዝ፣ አባታችን ግቢ። ታላቅ ወንድሜን ባማክረው፣ «ያንተም ነው፣ ቁረጠው። ግን ማን እንደተከለው ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም። እሱም አያውቅም።

ነገሩ ያን ጊዜ ከበደኝ። ለመሆኑ ውርስ መብት ነው ወይስ አደራ? የመንዝ ሰው እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ያጭድ ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈልገዋል፤ የራሱም ነው፤ ግን እጁን ይሰበስባል።

ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን ከተቆረጠ በቃ፣ ተቆረጠ። ባሕር ዛፍ ንጹሕ ነው አልልም፤ ውኃ መጣጭነቱን ገበሬው ያውቀዋል። ቢሆንም መሳሳቴ ካልቀረ ሊታረም የሚችለውን ስህተት መረጥሁ።

እንደተባለውም ጠረጴዛዬ ጠመም ብሏል። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ጥዱን የመቁረጥም የመተውም ምርጫ ግን አሁንም በእጃቸው ነው።